ጸጋዬ ገብረ መድኅን

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቀዌሳ (ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. – የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ባለቅኔ፣ ጸሐፌ ተውኔት፣ ተርጓሚና የቴአትር አዘጋጅ ነበሩ። በምዕራብ ሸዋ በአምቦ አቅራቢያ ተወልደው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፈዋል። የሼክስፒርንና የሞልየርን ተውኔቶች ወደ አማርኛ መልሰዋል። የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር በኪነ ጥበብ ዳይሬክተርነት መርተዋል። «እሳት ወይ አበባ» የተሰኘው የግጥም መድበላቸው በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ በብዛት ከሚጠቀሱት መጻሕፍት አንዱ ነው።

በአማርኛ ሥነ ግጥም ትምህርት ስማቸው የሚነሣው በሥራዎቻቸው ብቻ አይደለም። በእያንዳንዱ ሐረግ 8 ቀለም የሚይዘው የግጥም ምጣኔ «የጸጋዬ ቤት» ተብሎ በስማቸው ይጠራል። በዚህ ረጅም ምጣኔ የተጻፈ ግጥም ሲነበብ ሐሳቡ በስንኙ መጨረሻ ላይ ማብቃቱንና አለማብቃቱን መለየት ያስፈልጋል። ሐሳብ ከአንዱ ስንኝ አልፎ በሚቀጥለው ስንኝ ሲያበቃ የግጥም አጥኚዎች በፈረንሳይኛ ቃል «ኦንዣምብማን» ይሉታል። ይህ ገጽ የባለቅኔውን ሕይወት ከመተረክ ጋር ይህ የስንኝ መሻገር በአማርኛ ግጥም ውስጥ እንዴት እንደሚታወቅ ያብራራል።

ልጅነት

ጸጋዬ የተወለዱት ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በአምቦ አቅራቢያ በምትገኘው ቦዳ በምትባል የገጠር መንደር ነው። አምቦ በማዕድን ውሃዋ የምትታወቅ ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጉደር፣ በጌዶ፣ በእጃጂና በባኮ በኩል ወደ ነቀምቴ የሚዘልቀው መንገድ ያልፍባታል። አባታቸው ኦሮሞ ነበሩ፤ የእናታቸው ወገን ደግሞ ከአንኮበር አካባቢ አማራ ነው። ስለዚህም ከልጅነታቸው ጀምሮ ኦሮምኛና አማርኛ እየሰሙ አደጉ።

የተወለዱበት ጊዜ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን ከያዘ ሦስት ወር ያህል ካለፈ በኋላ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በአደባባይ ተረሸኑ። ጸጋዬ የተወለዱት ከዚያ 19 ቀን በኋላ ነው። ከ30 ዓመት በላይ ቆይተው ስለ እኚህ ጳጳስ የመጨረሻ ሰዓት የጻፉት ሥራ ከሁሉ የበለጠ ከታወቁት ሥራዎቻቸው መካከል ሆኗል።

እንደ አካባቢው ልጆች ከብት ጠብቀዋል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ግዕዝና ቅኔ ተምረዋል። የቅኔ ትምህርት ለተማሪው ሁለት ነገር ያስለምደዋል። አንደኛው ቃላትን በሰምና በወርቅ፣ ማለትም በላይኛውና በውስጠኛው ትርጉም፣ መመልከት ነው። ሁለተኛው ቀለም እየቆጠሩና ቤት እየመቱ መናገር ነው። ከቅኔ ዓይነቶች አጭሩ ጉባኤ ቃና ሁለት ስንኝ ብቻ ሲኖረው ሁለቱ ስንኞች አንድ ሐሳብ ይሸከማሉ። አንደኛውን ብቻ ሰምቶ የተነሣ ሰው ቅኔውን አልሰማም።

ትምህርት

ዘመናዊ ትምህርት በአምቦ ጀመሩ። ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ ስለ ጥንታዊው የሲራኩስ ገዥ ስለ ዲዮኒስዮስ ተውኔት ጻፉ። ተውኔቱ በትምህርት ቤቱ ሲታይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከተመልካቾቹ መካከል ነበሩ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በጄኔራል ዊንጌትና በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተማሩ።

ቀጥሎ የሕግ ትምህርት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1959 በአሜሪካ ቺካጎ ከሚገኘው ብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት ተመረቁ። ሆኖም ወደ ሕግ ሙያ አልገቡም። በዩኔስኮ የነፃ ትምህርት ዕድል ወደ አውሮፓ ሄደው በለንደን በሮያል ኮርት ቴአትር፣ በፓሪስ ደግሞ በኮሜዲ ፍራንሴዝ የመድረክ አሠራርን ተመለከቱ። ሮያል ኮርት በዚያ ጊዜ አዳዲስ የእንግሊዝ ጸሐፌ ተውኔቶች የሚወጡበት መድረክ ሲሆን ኮሜዲ ፍራንሴዝ የሞልየር ቅርስ የሚጠበቅበት ጥንታዊ ቤት ነው። ጸጋዬ በአንድ ጉዞ አዲሱንም አሮጌውንም አይተው ተመለሱ።

በቴአትር ቤት

ከአውሮፓ ሲመለሱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሥራ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቴአትር ቤቱ የኪነ ጥበብ ዳይሬክተር ሆነው አገልግለዋል። በዚህ ጊዜ የራሳቸውንም የትርጉምም ተውኔቶች ለመድረክ አበቁ።

እ.ኤ.አ. በ1966 በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጣቸው። በጊዜው ገና ወጣት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ የሴኔጋል ብሔራዊ ኒሻን ተሸለሙ። የሴኔጋል ፕሬዚዳንት የነበሩት ሊዮፖልድ ሴዳር ሴንጎር ራሳቸው ባለቅኔ ናቸው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ብሔራዊ ቴአትርን በሥራ አስኪያጅነት፣ የባህልና ስፖርት ሚኒስቴርን ደግሞ በምክትልነት ለአጭር ጊዜ መርተዋል። በደርግ ዘመን ለተወሰነ ጊዜ ታስረዋል። በ1970ዎቹ መግቢያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። በሕይወታቸው ያዩዋቸው ሦስት ሥርዓቶች ሁሉ አንዳንድ ሥራዎቻቸውን በሳንሱር ከልክለዋል ወይም ከመድረክ አውርደዋል።

ተውኔቶችና ትርጉሞች

በአማርኛ ከጻፏቸው ተውኔቶች መካከል «የእሾህ አክሊል»፣ «የከርሞ ሰው»፣ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»፣ «ሀሁ በስድስት ወር»፣ «አቡጊዳ ቀይሶ»፣ «መልእክተ ወዛደር»፣ «ጋሞ» እና «ሀሁ ወይም ፐፑ» ይገኙበታል። «የከርሞ ሰው» በባህላዊውና በዘመናዊው አኗኗር መካከል የቆመውን የከተማ ትውልድ ያሳያል። «ሀሁ በስድስት ወር» በአብዮቱ መጀመሪያ ዓመት የተጻፈ ሲሆን በርእሱ ውስጥ ያለው «ሀሁ» የፊደል ገበታ መነሻ ነው፤ «አቡጊዳ» ደግሞ ሌላው የፊደል አቆጣጠር ነው። ባለቅኔው የፖለቲካውን ለውጥ እንደ ፊደል ቆጠራ አድርገው መመልከታቸውን ርእሶቹ ብቻቸውን ይናገራሉ።

በእንግሊዝኛ ከጻፏቸው ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1965 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመው «ኦዳ ኦክ ኦራክል» ይታወቃል። ኦዳ በኦሮሞ ባህል የተከበረ፣ ሽማግሌዎች በጥላው ሥር የሚሰበሰቡበት ዛፍ ነው። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስና ስለ ጥንታዊት አክሱምም በእንግሊዝኛ ተውኔት ጽፈዋል።

ከትርጉሞቻቸው መካከል የሼክስፒር «ኦቴሎ»፣ «ሐምሌት»፣ «ማክቤዝ» እና «ኪንግ ሊር» ይገኛሉ። ከሞልየር «ታርቲዩፍ» እና «የፌዝ ዶክተር»ን ወደ አማርኛ መልሰዋል። የጀርመናዊውን የቤርቶልት ብሬሽትን ስለ አንዲት የጦር ሜዳ ነጋዴ እናት የተጻፈ ተውኔት መነሻ አድርገው «እናት ዓለም ጠኑ»ን አዘጋጅተዋል።

የሼክስፒር ትርጉም በስንኝ አሠራር ረገድ የተለየ ጥያቄ ያነሣል። የሼክስፒር ተውኔቶች ዋና ስንኝ በአብዛኛው ቤት አይመታም፤ አምስት ጠበቅ ያለ ድምፅ ያለው፣ ባለ 10 ቀለም ስንኝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ተውኔቶቹ አብዛኞቹ ስንኞች ሐሳባቸውን እመጨረሻቸው ላይ ይዘጋሉ። እንደ «ኪንግ ሊር» እና «ማክቤዝ» ባሉት ዘግይተው በተጻፉት ግን ሐሳቡ ከስንኝ ወደ ስንኝ እየተሻገረ መካከል ላይ መቆም ይበዛል። የሥነ ጽሑፍ አጥኚዎች የሼክስፒርን ተውኔቶች በጊዜ ቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ሲሞክሩ ይህንን ቆጥረው እንደ አንድ ማስረጃ ተጠቅመውበታል። ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው በአንድ በኩል ቤት መምታት የለመደ አድማጭ አለው፤ በሌላ በኩል በስንኝ መጨረሻ የማይቆም የገጸ ባሕርይ ንግግር አለው። ሁለቱን ማስታረቅ የተርጓሚው ሥራ ነው።

ግጥሞቻቸውና «የጸጋዬ ቤት»

«እሳት ወይ አበባ» በ1966 ዓ.ም. የታተመ የግጥም መድበል ነው። በውስጡ ስለ አገር፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ ቦታዎችና ስለ ሰው ብቸኝነት የሚናገሩ ግጥሞች አሉ። ስለ አቡነ ጴጥሮስ የተጻፈው ግጥምም ከእነዚህ አንዱ ነው።

የአማርኛ ግጥም ምጣኔ በቀለም ቁጥር ይለካል። ቀለም ማለት በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ድምፅ እንጂ ፊደል አይደለም። ሳድስ ፊደል አናባቢ ሳይኖረው ሲቀር ከፊቱ ካለው ፊደል ጋር ተጣምሮ አንድ ቀለም ይሆናል። ለምሳሌ «ወንዙም» አራት ፊደል ቢኖረውም «ወን» እና «ዙም» ተብሎ ሁለት ቀለም ነው። አንድ ሙሉ ስንኝ ብዙውን ጊዜ በመካከሉ ትንሽ ዕረፍት አለው። ዕረፍቱ ስንኙን በሁለት ሐረግ ይከፍለዋል። የታወቁት ምጣኔዎች በአንድ ሐረግ በሚይዙት የቀለም ብዛት እንዲህ ይለያያሉ፦

• ሰንጎ መገን፦ በአንድ ሐረግ 5፣ በሙሉ ስንኝ 10 ቀለም
• ወል ቤት፦ በአንድ ሐረግ 6፣ በሙሉ ስንኝ 12 ቀለም
• የጸጋዬ ቤት፦ በአንድ ሐረግ 8፣ በሙሉ ስንኝ 16 ቀለም

ወል ቤት ስሙ እንደሚያመለክተው የብዙዎች የጋራ ምጣኔ ነው። የጸጋዬ ቤት ከእርሱ በአንድ ስንኝ 4 ቀለም ይበልጣል። ይህ ትርፍ ቦታ ለባለቅኔው ቅጽል ለመደራረብ፣ በመካከል ለመጠየቅ፣ ለመጣራትና ለማመንታት ዕድል ይሰጣል። በጸጋዬ ግጥሞች ውስጥ በነጠላ ሰረዝ፣ በጥያቄ ምልክትና በቃለ አጋኖ የተቆራረጡ ስንኞች መብዛታቸው ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሐሳቡ እመጨረሻው ላይ የሚዘጋ ስንኝም፣ አልፎ የሚሄድ ስንኝም በሥራዎቻቸው ውስጥ ይገኛል። አንባቢ ሁለቱን ካልለየ የንግግሩን ስሜት ያዛባል።

ስንኝ ሲሻገር

«ኦንዣምብማን» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል እግር ከሚለው ቃል የወጣ ሲሆን አንድን ነገር በእርምጃ መሻገር ማለት ነው። በግጥም ውስጥ የሚሻገረው ሐሳቡ፣ የሚታለፈው ደግሞ የስንኙ ዳር ነው። ሐሳቡ በስንኙ መጨረሻ ላይ የሚያልቅ ከሆነ ስንኙ የተዘጋ ነው። ሰዋስዉ ሳይሞላ ወደሚቀጥለው ስንኝ ካለፈ ተሻጋሪ ነው።

ልዩነቱን ለማሳየት ከታች ያሉት ምሳሌዎች ለዚህ ገጽ ብቻ የተዘጋጁ ናቸው፤ ከማንም ገጣሚ ሥራ አልተወሰዱም። ሁሉም በወል ቤት ምጣኔ ናቸው። የመጀመሪያው የተዘጋ ነው፦

ዝናቡ ዘነበ፣ ወንዙም ሞልቶ ሄደ
ገበሬው በሬውን በጠዋት ጠመደ

እያንዳንዱ ስንኝ በግሥ ያልቃል። አንባቢው በየስንኙ መጨረሻ ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ የሚጎድል ነገር የለም። ሁለተኛው ግን ተሻጋሪ ነው፦

ሌሊቱን የጣለው ያ ከባዱ ዝናብ
ወንዛችንን ሞልቶት ቀረን ሳንሰበሰብ

እዚህ የመጀመሪያው ስንኝ ባለቤት ብቻ ይዞ ቀርቷል። ዝናቡ ምን እንዳደረገ አልተነገረም። አንባቢው «ዝናብ» ላይ ድምፁን ከዘጋ አድማጩ ያልተጨረሰ ዐረፍተ ነገር ይዞ ይቀራል።

አማርኛ ግሡን እመጨረሻ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። ስለዚህ የተዘጉ ስንኞች ብዙ ጊዜ በግሥ ያበቃሉ፤ ቤቱም በግሥ መድረሻ ድምፅ ይመታል። የግሥ መድረሻዎች ደግሞ ስለሚመሳሰሉ ቤት መምታቱ ይቀላል፣ ግን ይደጋገማል። ሐሳብ ሲሻገር ቤቱ በስም፣ በቅጽል ወይም በተሳቢ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከላይ «ዝናብ» በሚለው ስም ላይ እንደወደቀው ማለት ነው። ገጣሚ ሐሳብን የሚያሻግርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላው ምክንያት ትርጉም ነው። አንዳንድ ስንኝ ብቻውን ሙሉ ይመስላል፤ የሚቀጥለው ስንኝ ግን ይገለብጠዋል፦

ቢመሽም ቢነጋም አገሬን ልተወው
አልልም ብቸገርም፤ ልቤን ነው የያዘው

የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻ የሰማ ሰው ተናጋሪው አገሩን ሊተው የወሰነ ይመስለዋል። «አልልም» የሚለው ቃል በሁለተኛው ስንኝ መነሻ ላይ ሲመጣ ነገሩ ተቃራኒ መሆኑ ይገለጣል። አማርኛ አሉታውን ከግሡ ጋር እመጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ እንዲህ ላለው ግልበጣ ይመቻል። ለጥቂት ቅጽበት ሁለት ትርጉም አብሮ መቆሙ ከሰምና ወርቅ ጋር ዝምድና ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ አይደለም። በሰምና ወርቅ ሁለቱም ትርጉሞች እስከ መጨረሻው አብረው ይኖራሉ። እዚህ ግን ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው ይሻራል።

እንዴት ይለያል?

አንድ ስንኝ ተሻጋሪ መሆኑን ለማወቅ የሚከተሉትን መመርመር ይጠቅማል፦

1. ማሰሪያ ግሥ አለ ወይ? ስንኙ ባለቤት ወይም ተሳቢ ብቻ ይዞ ካለቀና ግሡ በሚቀጥለው ስንኝ ከመጣ ተሻጋሪ ነው።

2. የመጨረሻው ቃል «ን» ይዟል ወይ? «በሬውን»፣ «ልጇን»፣ «ደጁን» የመሰለ ቃል ስንኝ ከዘጋ ማን ምን እንዳደረገው የሚናገር ግሥ ገና ይጠበቃል። ግሡ ቀድሞ ተነግሮ ከሆነ ግን ሐሳቡ ሊዘጋ ይችላል፤ ገጣሚዎች የቃላትን ቅደም ተከተል ይለዋውጣሉና።

3. ስንኙ በዘርፍ ወይም በቅጽል ያበቃል ወይ? «የጎረቤቴ» ብሎ ቆሞ «ቤት» የሚለው ከታች ከመጣ፣ ወይም «የጣለው» ብሎ ቆሞ «ዝናብ» የሚለው ከታች ከመጣ መሻገሩ ጠንካራ ነው። በጣም የተቆራኙ ቃላት ሲለያዩ ጆሮ ቶሎ ይሰማዋል።

4. ስንኙ ባልተፈጸመ ግሥ ያበቃል ወይ? «ሄዶ»፣ «ሲመጣ»፣ «ስለቀረ»፣ «ብትጠራኝ» የመሰሉት ግሦች ሌላ ዋና ግሥ ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለው መሻገር ለስላሳ ነው፤ አጭር ዕረፍት ይፈቅዳል፣ ድምፅ መዝጋትን ግን አይፈቅድም።

5. ሥርዓተ ነጥቡ ምን ይላል? አራት ነጥብ ወይም ድርብ ሰረዝ ካለ ስንኙ ተዘግቶ ይሆናል። ምንም ምልክት ከሌለ ወደሚቀጥለው ማየት ያስፈልጋል። ነጥብ በስንኙ መካከል ላይ ከወደቀ ደግሞ ከፊቱ ያለው ስንኝ ተሻግሮ እዚያ ያበቃ መሆኑን ይጠቁማል።

ቀላሉ መፈተኛ ግጥሙን እንደ ስድ ንባብ ያለ መስመር መፃፍ ነው። አራት ነጥብ በትክክል የሚወድቅበትን ቦታ ምልክት አድርጎ ከዚያ ወደ ግጥሙ ቅርጽ ሲመልሱት ነጥቦቹ በስንኝ ዳር የሚገኙትና በመካከል የሚገኙት ይለያሉ። ኦሮምኛም እንደ አማርኛ ግሡን እመጨረሻ የሚያደርግ በመሆኑ በአምቦ፣ በጌዶ ወይም በእጃጂ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ተማሪ ይህን መፈተኛ በሁለቱም ሊሞክረው ይችላል።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ አንዳንድ ማተሚያ አንዱን ሙሉ ስንኝ በሁለት መስመር ይሰብረዋል። ያን ጊዜ በሐረግና በሐረግ መካከል ያለው ዕረፍት የስንኝ ዳር ይመስላል። ለዚህ መፍትሔው ቤቱ የት እንደሚመታ ማየትና ቀለም መቁጠር ነው። ሁለተኛ፣ በስልክ ላይ የሚነበብ ግጥም በስክሪኑ ጥበት ምክንያት ራሱን ይሰብራል። ባለ 16 ቀለም ስንኝ በትንሽ ስክሪን ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይገባም፤ የመጨረሻዋ ቃል ብቻዋን ወደ ታች ትወርዳለች። ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥም ነጠላ ሰረዙና አራት ነጥቡ ይጠፋሉ። እንዲህ የተነበበ ግጥም ገጣሚው ያላሰበውን መሻገር ያሳያል፣ ያሰበውን ደግሞ ይደብቃል። ስለ ስንኝ አሠራር ለመጻፍ የሚፈልግ ተማሪ የታተመውን መጽሐፍ ማየት አለበት።

በመድረክና በንባብ

ጸጋዬ ግጥምን የጻፉት ለገጽ ብቻ አልነበረም። ተዋናይ አፍ ላይ የሚውል ስንኝ ትንፋሽ ይጠይቃል። የተዘጋ ስንኝ ለተዋናዩ በየመጨረሻው መተንፈሻ ይሰጠዋል። ተሻጋሪ ስንኝ ግን ትንፋሹን እስከ ሐሳቡ መጨረሻ እንዲይዝ ያስገድደዋል። የሚጨነቅ፣ የሚማጸን ወይም የሚቆጣ ገጸ ባሕርይ ንግግሩ በስንኝ ዳር ካልቆመ አድማጩ ጭንቀቱን ከትርጉሙ በፊት ከትንፋሹ ይሰማዋል።

በክፍል ውስጥ ግጥም ሲነበብ የተለመደው ልማድ በየስንኙ መጨረሻ ላይ ቤቱን ጠበቅ አድርጎ መቆም ነው። ለተዘጉ ስንኞች ይህ ያምራል። ተሻጋሪ ስንኝ ላይ ግን ዐረፍተ ነገሩን ይቆርጠዋል። በተቃራኒው ዳሩን ጨርሶ ሳያሰሙ እንደ ስድ ንባብ ማለፍም ቤቱን ያጠፋል። የሚመከረው መንገድ በመካከል ነው፦ በስንኙ ዳር ላይ ድምፅን ሳይዘጉ፣ ከፍ እንዳለ ይዞ፣ ቤቱ እንዲሰማ ያህል ብቻ ዘግየት ብሎ ማለፍ።

በዘመናቸው ከነበሩት ገጣሚዎች ሰሎሞን ደሬሳ በ1963 ዓ.ም. በታተመው «ልጅነት» በተባለው መድበል ከተለመደው ቤትና ምጣኔ በይበልጥ ርቀዋል። ቤት በማይመታ ግጥም ስንኝ የት እንደሚሰበር የሚወስነው ምጣኔ ሳይሆን ገጣሚው ነው፤ ስለዚህ የስንኝ መሻገር ጉዳይ ጎልቶ ይወጣል። ጸጋዬ ግን ቤትና ምጣኔን ሳይለቁ ምጣኔውን አስረዘሙት። ሁለቱ በአንድ ዘመን የተወሰዱ የተለያዩ መንገዶች ናቸው።

የመጨረሻ ዓመታት

እ.ኤ.አ. በ1997 ከዓለም ባለቅኔዎች ማኅበር የሎሬትነት ክብር አገኙ። በኢትዮጵያ «ሎሬት ጸጋዬ» ተብለው የሚጠሩት ከዚህ የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የኩላሊት ሕመማቸውን ለመታከም ወደ አሜሪካ ሄደው በኒው ዮርክ ከተማ በማንሃተን መኖር ጀመሩ። ሕክምናው ኩላሊትን በማሽን ማጠብን ስለሚጠይቅ ወደ አገራቸው ተመልሰው ለመኖር አልቻሉም። ስለ አገር ቦታዎች ብዙ የጻፉት ባለቅኔ የመጨረሻዎቹን ስምንት ዓመታት ገደማ በሩቅ አሳለፉ።

የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. በ69 ዓመታቸው በዚያው ዐረፉ። አስከሬናቸው ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

ቅርስ

የአፍሪካ ኅብረት መዝሙር ስንኞች ከጸጋዬ ግጥም የተወሰዱ ናቸው። የሼክስፒር ትርጉሞቻቸው በአማርኛ ቴአትር ታሪክ ውስጥ ከሚጠቀሱት ዋነኞቹ ናቸው። ያግዙ የመሠረቱት የቴአትር ትምህርት ክፍል ተዋንያንን፣ አዘጋጆችንና ጸሐፊዎችን ሲያፈራ ቆይቷል።

በሥነ ግጥም ትምህርት የሚቀረው ቅርሳቸው ግን በቁጥር የሚገለጽ ነው። ተማሪ ወል ቤትን ከቆጠረ በኋላ ቀጥሎ የሚቆጥረው 8 ቀለም ያለው ሐረግ በእሳቸው ስም የሚጠራ ነው። ቀለሙን መቁጠር ግን የንባቡ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ እያንዳንዱ ስንኝ ዳሩ ላይ ሲደርስ ሐሳቡ ማብቃቱን ወይም ገና መሻገሩን ማዳመጥ ነው።